ነገ ማድሪድ እሄዳለሁ

ስፓኒሽ የጀመርሁት በቅናት ነው። ጣና ላይ እንግዶችን በጀልባ ወደ ገዳማቱ የምወስድ አስጎብኚ ነኝ። በእንግሊዝኛ ማንንም አልፈራም። ከስፔን የሚመጡ እንግዶች ግን እንግሊዝኛ ሲሰሙ ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ ይሆናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከየት እንደ ለቃቀማቸው የማላውቃቸውን ጥቂት የስፓኒሽ ቃላት ይዞ እነሱን ሁሉ ከእጄ ይነጥቀኝ ጀመር። ወደቡ ላይ ቆሞ በቋንቋቸው «ኦላ!» ብሎ ሰላም ሲላቸው፣ እንግዶቹ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ወደ እሱ ሲሮጡ፣ እኔ የሕይወት አድን ሰደሪያ ታቅፌ ቆሜ አያለሁ። ያ «ኦላ» እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ክረምት ገብቶ ቱሪስት ሲጠፋ መምህር ፈለግሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ስፓኒሽ የሚያስተምር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? አለ። በልጅነታቸው ኩባ ተልከው የተማሩ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ከተከራየሁበት ግቢ ጥቂት አለፍ ብለው ይኖራሉ። ስለ ክፍያ ሳነሣባቸው ተቆጡ። «እኔ የምፈልገው የሚያወራኝ ሰው ነው» አሉኝ። «ለብቻዬ ከራሴ ጋር ሳወራ ሰው አበደ እያለ ነው።»

አስተማሪነታቸው የጩኸት ነው። ሹክሹክታ አይወዱም። «ስፓኒሽ ካልጮኽህለት አይወጣም» ይላሉ፤ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በስፓኒሽ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ሁለቱንም ጎረቤት እስኪሰማ ያስብሉኛል። ቤቴም ገብቼ እንዲሁ እንዳደርግ ቃል አስገብተውኛል። እኔም የታዘዝሁትን የምፈጽም ተማሪ ነበርሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ታዛዥነቴ ነው።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ስለ ቅርብ ዕቅድ ያስተምሩኝ ጀመር። «ይኸ ላንተ ቀላል ነው» አሉ። «ነገ የምታደርገውን ልክ ዛሬ እንደምታደርገው አድርገህ ትናገራለህ። ማኛና ቪያሆ። ነገ እጓዛለሁ። እንደኛው ነው። እኛስ ዛሬም እሄዳለሁ፣ ነገም እሄዳለሁ አይደል የምንለው? እንግሊዝኛ ነው ሰውን የሚያንከራትት።»

«ማኛና ቪያሆ፣ እግዜር ቢል» አልሁ።

እጃቸውን አነሡ። «እግዜር ቢልን ተዋት።»

«ምነው ጋሼ?»

«ኩባም እንዲሁ ነበርን። ነገ ኳስ እንጫወታለን በሉ ስንባል ክፍል ሙሉ የኢትዮጵያ ልጅ እግዜር ቢል፣ እግዜር ቢል እያለ አስተማሪያችንን ሊያሳብዳት ደረሰ። እግዜርን በልብህ ያዘው። አፍህ ቁርጥ አድርጎ ይናገር።»

ሞከርሁ። «ነገ እጓዛለሁ» ብዬ ዝም አልሁ። ሳላማትብ ከቤት የወጣሁ መሰለኝ። እሳቸው ግን ደስ አላቸውና የቤት ሥራ ሰጡኝ፤ ዕቅዶቼን በዚህ ዓይነት ስናገር እንድሰነብት። እኔም ነገ ልብሴን አጥባለሁ፣ ነገ ፀጉሬን እቆረጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሻማ እገዛለሁ አልሁ። ያፏጩ ጀመር።

«ይኸ ዕቅድ ነው? ሻማ! ምን ትከፍልበታለህና ነው የምትሰስተው? ትልቅ ተናገር። ማድሪድ ሂድ!»

ማድሪድ ሄድሁ። ያን ምሽት ክፍሌ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደድሁ፣ «ማኛና ቪያሆ አ ማድሪድ! ነገ ማድሪድ እሄዳለሁ! ኦይ አጎ ላ ማሌታ! ዛሬ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ! ኖ ቩኤልቮ ፕሮንቶ! ቶሎ አልመለስም!» እያልሁ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኽሁ። በኔና በአከራዬ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ እሳቸው ሲያዛጉ እኔም አብሬ አዛጋለሁ።

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ አከራዬ ቧንቧው አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንዲያው ሳትነግረኝ?» አሉ።

«ምኑን እትዬ?»

«ግዴለም፣ ግዴለም። አልቀየምሁህም። ሰው ያዝናል እንጂ ምን ያደርጋል።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ገቡ። እኔ የቤት ኪራይ ሊጨምሩብኝ ነው ብዬ ተጨነቅሁ። ቀትር ላይ ትኩስ ድፎ ዳቦ በሰፌድ አድርገው ይዘውልኝ መጡ። አሁንም አልገባኝም፤ የገባኝ ጎረቤቶች ተከታትለው ሲመጡ ነው።

ከግቢው ማዶ ልብስ የሚሸጡት ሐጂ ትልቅ ሻንጣ በባጃጅ ጭነው መጡ። «ለኔ ልጅ ብዬ ያስቀመጥሁት ነበር፤ አንተ ቀደምህ። አላህ መንገድህን ያሳምረው» አሉኝ። አንዷ በርበሬ በላስቲክ ቋጥራ ለእህቷ እንዳደርስላት ለመነችኝ፤ እህትየዋ ያለችው ጀርመን ነው። «አውሮፓ ከደረስህ ያው አይደል?» አለችኝ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ የእግሩን ልክ በክር ለክቶ ክሩን ኪሴ ውስጥ ከተተና ነጭ ጫማ እንጂ ጥቁር እንዳልልክ አስጠነቀቀኝ።

«የትም አልሄድም!» አልሁ። «ትምህርት ነው። ስፓኒሽ እየተማርሁ ነው!»

እንዲህ ማለቴ ጨርሶ አበላሸው። በእኛ ዘንድ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው እሄዳለሁ አይልም። ዓይን ይፈራል፣ ምቀኛ ይፈራል፤ ቪዛውን ብብቱ ሥር ይዞ «ኧረ የት ልሄድ!» ይላል፤ እናቱ እንኳ የምትሰማው አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ አልሄድም ባልሁ ቁጥር ሰው በማስተዋል ራሱን ይነቀንቅልኛል። ቋንቋውን መማሬ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ሆነ። የማይሄድ ሰው ስፓኒሽ ምን ያደርግለታል?

አከራዬ እንዴት ያን ያህል እርግጠኛ እንደ ሆኑ ኋላ ጠየቅኋቸው። «ሰውማ ሁሉ እሄዳለሁ ይላል» አሉኝ። «የዛሬ ልጅ ያልሄደ ማን አለ በአፉ? አንተ ግን እግዜር ቢል እንኳ አላልህም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፣ አላልህም። ትኬት ያልቆረጠ ሰው እንዲህ አይናገርም።»

መሸ። «ነገ» የተባለው ቀን አለቀና እኔ አልሄድሁም። እፎይ አልሁ። ሰፈሩ ግን አልተበገረም፤ በረራው ተራዘመ ተባለ። አንዳንዱም ዓይን እንዳይበላኝ ቀኑን አሳስቼ እንደ ተናገርሁ ገምቶ ብልጠቴን አደነቀ። ለመንገድ ስንቅ የሚሆን በሶና ቆሎ መምጣቱን አላቆመም። መናደዴን የሚያይ ሰው ደግሞ «የመንገደኛ ነገር፣ ሆዱ ተረብሿል» እያለ ያዝንልኝ ነበር።

ይኸ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ባለፈ ነበር፣ እሷ ባትኖር።

እሷ ዛሬ ባለቤቴ ናት። ያኔ ግን አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሬጅስትራር ቢሮ የምትሠራ፣ እኔ ልቤ እስኪጠፋ የምወዳት፣ አባቷ ግን የማይሰጡኝ ልጅ ነበረች። አባቷ የሕንፃ ፎርማን ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሽማግሌ ላክሁባቸው። «ልጅቷ ገና ናት» ብለው መለሱ። ሠላሳ ልትደፍን ነው እኮ! በሁለተኛው ደግሞ «ይታሰብበታል» ብለው መለሱ። ሽማግሌ መመለስ ወጉ ነው፣ አንዴም ሁለቴም ይመለሳል፣ አውቃለሁ፤ የእሳቸው አመላለስ ግን የወግ አልመሰለኝም። ሽማግሌዎቼን በር ድረስ ሲሸኙ እፎይታ ይታይባቸዋል አሉኝ። የሽማግሌዎቹ መሪ እኒሁ የስፓኒሽ መምህሬ ናቸው፤ ተስፋ እንድቆርጥ በጨዋ ደንብ ሁለት ጊዜ መክረውኛል። እኔም በልቤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ለቱሪስት ጀልባ የሚጠብቅ፣ ክረምት ላይ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ማን ይፈልጋል?

አከራዬና አባቷ የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው። ወሬው ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በሦስተኛው ቀን ከአባቷ ቤት መልእክተኛ መጣ፤ «ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ። ልጁም ይምጣ፤ ሳይሄድ ላየው እፈልጋለሁ» ይላል መልእክቱ። አከራዬ እልል አሉ። እልልታቸውን ሳይጨርሱ ስልኬ ጮኸ። ከእሷ የመጣ መልእክት ነው፤ ያለው «መልካም መንገድ» ብቻ ነው።

ደወልሁ፣ አታነሣም። ደግሜ ደወልሁ፣ ዘጋችው። በማግሥቱ ከቢሮዋ ስትወጣ ጠብቄ ተከተልኋት። ሐይቁ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ታንኳዋን የምትጎትት እንጂ ሰው የሚከተላት አትመስልም።

«ከሰው አፍ!» አለችኝ ዞር ብላ። «ከአባቴ ዕድር! ምን አድርጌህ ነው?»

ሁሉንም ነገርኋት። መምህሬን፣ ጩኸቱን፣ ግድግዳውን፣ የበርበሬውን ቋጠሮ፣ የጫማውን ክር። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ክሩን ከኪሴ አውጥቼ ሳሳያት ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እኔ ማሰብ ጀመርሁ፤ ይኸ ነው ጥፋቱ።

«አሁንኮ ፈቅደዋል» አልኋት። «እሑድ ልቅረብና እሺ ይበሉኝ። ከዚያ ቪዛው ቀረ እንላለን። የስንቱ ቪዛ ይቀራል!»

ሳቋ ቆመ። «አባቴን አታታልለውም» አለች።

«እውነቱን ከነገርኋቸው ይመልሱኛል። ሦስተኛ ጊዜ ከመለሱኝ አራተኛ ሽማግሌ የሚሄድልኝ ሰው የለም። ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብህ። ካልነገርኸው እኔ እምቢ እላለሁ። ካልሰማኸኝ እሑድ ስሜን ስትጠራ እዚያው ሰው ፊት እላለሁ።»

እንደምታደርገው አውቃለሁ። ብናገር አባቷ ይከለክሉኛል፣ ባልናገር እሷ ትከለክለኛለች። ማታውን ሐይቁ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ በሁለት ቋንቋ ራሴን ሰደብሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከበሩ አጠገብ እንደ ደንቡ ቆሙ፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እስከዚያ ድረስ በዚህ ቤት እግራቸው እስኪዝል የቆሙበት ቃል ነው። አባቷ ግን ሮጠው ወንበር ሳቡ።

«ኧረ ተቀመጡ! ምን ያስቆማችኋል? ቤታችሁ አይደለም ወይ!» አሉ። እኔንም ትከሻዬን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰውየው እንዲህ ሲያበሩ አይቼ አላውቅም። ቤቱ ታጥቧል፣ ጠረጴዛው ላይ ጠላ ቀርቧል። እሷ የጓዳውን በር ገርበብ አድርጋ እንደ ቆመች ጫማዋን አያለሁ።

«እንግዲህ» አሉ አባቷ፤ «በረራህ መቼ ነው?»

መምህሬ ጣሪያውን አዩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «አባባ፣ በረራ የለም» አልሁ።

ፈገግ አሉ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉልኝ። «ገባኝ። ልክ ነህ፣ አይነገርም። ከዚህ ቤት አይወጣም፣ ቀኑን ብቻ በጆሮዬ ንገረኝ።»

«እውነቴን ነው አባባ፣ የትም አልሄድም።»

«ጎሽ! እንዲህ ነው ሰው ምሥጢሩን የሚጠብቅ» አሉ ለሽማግሌዎቹ።

እውነት ለመናገር ስንት ቀን ተጨንቄ፣ እውነቱን የሚገዛኝ ጠፋ! በቅድስት ማርያም ብዬ ልምል ስል መምህሬ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዲያው ይስሙት» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ተነሥ። እንዳስተማርሁህ። ጮክ ብለህ።»

ተነሣሁ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም። «ማኛና ቪያሆ አ ማድሪድ! ነገ ማድሪድ እሄዳለሁ!» አልሁ። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እስካሁን ያሉት ሁሉ ልክ ነው። «ማኛና ቪያሆ አ ላ ሉና! ነገ ጨረቃ ላይ እሄዳለሁ!» መነቅነቃቸውን አቆሙ። «ማኛና ሴኖ ኮን ላ ሬይና! ነገ ከንግሥቲቱ ጋር እራት እበላለሁ!»

ጓዳው ውስጥ አንድ ሳህን ወደቀ።

አባቷ መምህሬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጠላውን አዩ። «ትምህርት ነው?» አሉ በቀስታ።

«ትምህርት ነው» አሉ መምህሬ።

«ስለዚህ አትሄድም።»

«አልሄድም አባባ።»

«ከዚህ በኋላም?»

«ዘጌ ድረስ ነው የምሄደው። ማታ እመለሳለሁ።»

ያ ሁሉ ብርሃን ከፊታቸው ላይ ጠፋ። አንገታቸውን ደፉ። አዘንሁላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ። ይኸ ጠባዬ ነው፤ ሳዝን እናደዳለሁ። «አባባ» አልሁ፤ ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ፤ «ሲፈልጉ የነበረው ስፔንን ከሆነ እኔ ስፔን የለኝም። ለልጅዎ ውጭ አገር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ያለኝ ይኸው ሐይቅ ነው።» አንደኛው ሽማግሌ ሸሚዜን ወደ ታች ጎተቱት።

«እኔ መቼ ስፔን ፈለግሁ አልሁህ?» አሉ አባቷ፤ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ለምን ፈቀዱ?»

ጠላውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ሲናገሩ ለእኛ ሳይሆን ለጠረጴዛው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

«አንተ ስትሄድ እሷ ትቀራለች ብዬ ነው። ወረቀት ቶሎ አያልቅም ይላሉ። ዓመት ይፈጃል፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እሷም ተዳረች ይባላል፣ ሰውም አፉን ይዘጋል፤ ማታ ማታ ግን ያችን በር ከፍታ የምትገባው እዚህ ነው። አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። መጀመሪያም ክፉ ነህ አላልሁም። እዚሁ ባሕር ዳር ያለ ሰው ግን በሠርጉ ማግሥት ይዟት ይሄዳል። እኔ ሕንፃ ሙሉ ሰው ሳዝዝ ኖሬ፣ በዚህ ቤት ብቻዬን መቀመጥ ፈራሁ።»

የጓዳው በር ተከፈተ፤ እሷ ወጥታ ከአባቷ ወንበር ኋላ ቆመች። እኔና እሷ ግን አንድ ቀን ብንጋባ ብለን ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ልንከራይ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረናል፤ መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሚሆን ሳይቀር ተጣልተንበታል።

ባገራችን ወንድ የሚስቱ አባት ቤት ሲገባ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። የጀልባ ሠራተኞች ምን እንደሚሉኝ፣ ያ ባለ «ኦላው» ባልደረባዬ ምን ብሎ እንደሚስቅ፣ አከራዬ ዕድር ላይ እንዴት አድርገው እንደሚያወሩት አውቃለሁ። አላሰብሁበትም። ብዙ ባስብበት አልለውም ነበር።

«እዚህ እንኖራለን» አልሁ።

መምህሬ እግሬን ረገጡኝ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ አሳላቸው።

«ማን?» አሉ አባቷ።

«እኔና እሷ። ከሠርጉ በኋላ ዕቃዬን ይዤ እዚህ እገባለሁ። እርስዎ ጋ።»

አሁን ቀና አሉ። ረዥም ጊዜ አዩኝ፤ ትናንት የተገነባ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን እንደሚያረጋግጥ ሰው ነበር አስተያየታቸው። ልጃቸው ትከሻቸውን ይዛ ታለቅሳለች፤ ታለቅሳለች ብዬ እንዳላዝን ደግሞ ከዕንባው መሐል እኔን እያየች ትስቃለች። አባቷ አንዴ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመለከቱ።

«የምትገቡበት ሰርቪስ ቤት ጣሪያው ያፈሳል» አሉ። «ነገ ጠዋት ወጥተን እናድሰዋለን። መሰላሉን አንተ ትይዛለህ።»